የከተማ መንገድ መደበኛ ጥገና፦ የበጀቱንና የዝናቡን አቆጣጠር ማስታረቅ

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ሲከፈት ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ አለው፤ ሰማዩ ግን ሥራ አይፈቅድም። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ጨረታው ገና አልወጣም። ግንቦት ላይ ቦዩ ከክረምት በፊት መጠረግ ሲኖርበት ደግሞ ካዝናው ተራቁቷል። የብዙ ከተሞቻችን መንገድ ያለ ዕድሜው የሚያልቅበት ትልቁ ምክንያት ይህ አለመገጣጠም ነው። ገንዘቡ ቢያንስም እንኳ በወቅቱ ከደረሰ ብዙ ይሠራል፤ ካለፈ በኋላ የመጣ ብዙ ገንዘብ ግን ጉድጓድ ሲደፍን ይኖራል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በመካከለኛና በአነስተኛ ከተሞች ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የመሠረተ ልማት ሥራ ለሚመሩ ባለሙያዎች፣ ለፋይናንስ ሠራተኞችና በጀት ለሚያጸድቁ የምክር ቤት አባላት ነው። የተጻፈው ኮብልስቶን፣ ጠጠር እና ጥቂት አስፋልት ያለውን የተለመደውን ከተማ አስቦ ነው።

ጥገና ስንል የትኛውን?

አራት ሥራዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ በጀታቸውም ይደበላለቃል። መደበኛ ጥገና በየዓመቱ፣ መንገዱ ቢበላሽም ባይበላሽም የሚሠራ ነው፦ ቦይ መጥረግ፣ ስንጥቅ መድፈን፣ ጥቃቅን ጉድጓድ መሙላት፣ የተነሣ ኮብል መመለስ፣ ጠጠር በግሬደር ማስተካከል። ወቅታዊ ጥገና በጥቂት ዓመታት አንዴ የሚመጣ ነው፤ ጠጠር እንደገና ማልበስ ወይም አስፋልት ላይ አዲስ ንብርብር መጨመር ማለት ነው። ድንገተኛ ጥገና ጎርፍ የወሰደውን መመለስ ነው። አራተኛው መልሶ ግንባታ ሲሆን ጥገና አይደለም። ከሥሩ የተበላሸ መንገድ በመደበኛ ጥገና ገንዘብ ሲነካካ ገንዘቡን ይበላል፤ መንገዱም አይድንም። ስለዚህ መልሶ ግንባታ ወደ ካፒታል በጀት ይሂድ፣ መደበኛ ጥገናው የራሱ መደብ ይኑረው። ይህን መስመር የማያሰምር ዕቅድ ከታች ያለውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል።

የመንገድ መዝገብ

መዝገብ ከሌለ በጀት የሚጠየቀው በግምት ነው፤ በግምት የተጠየቀ በጀት ደግሞ በግምት ይቆረጣል። ከባዶ ከመጀመራችሁ በፊት ቢሮውን ፈትሹ። ከተማችሁ በ2010 በጀመረው፣ 117 ከተሞችን ባቀፈው በዓለም ባንክ የሚደገፍ የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም ውስጥ ከነበረ የሀብት አስተዳደር ዕቅድ እንዲዘጋጅ ይጠበቅ ነበር። የመንገዶቹ ዝርዝር፣ ርዝመትና ስፋት በዚያ ሰነድ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ጊዜው ቢያልፍበትም ማደስ እንደ አዲስ ከመቁጠር ይቀላል።

ቆጠራው እንዲህ ይሠራል። ሦስት ሰው ይበቃል፦ አንዱ መለኪያ ጎማ ይገፋል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳና ጉዳቱን ይለካል። መንገዱን ከመስቀለኛ እስከ መስቀለኛ ቆራርጣችሁ ለእያንዳንዱ ቁራጭ መለያ ቁጥር ስጡ። ስም የሌለው የውስጥ መንገድ ብዙ ስለሆነ ከቀበሌው ስም ጋር ቁጥር መስጠት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሚመዘገበው ርዝመት፣ ስፋት፣ የንጣፉ ዓይነት፣ የተሠራበት ዓመት፣ በግራና በቀኝ ያለው ቦይ ዓይነትና ሁኔታ፣ ውኃው የሚወርድበት አቅጣጫና መጨረሻው፣ እንዲሁም የተጎዳው ስፋት በካሬ ሜትር ነው። «መካከለኛ ጉዳት» ተብሎ የተጻፈ ነገር ለበጀት አይጠቅምም፤ «14 ካሬ ሜትር ኮብል ሰምጧል፣ 30 ሜትር ቦይ ሞልቷል» የሚለው ግን በቀጥታ ወደ ዋጋ ይቀየራል።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ ከሦስት በአንዱ መድቡ። ደህና የሚባለው የተጎዳው ስፋቱ ከ2 በመቶ በታች የሆነ፣ ውኃም የማይተኛበት ነው። ሊተርፍ የሚችለው ከ2 እስከ 15 በመቶ የተጎዳ፣ ሥሩ ግን ያልተነቃነቀ ነው። ከዚያ በላይ የተጎዳ፣ ወይም አስፋልቱ እንደ ደረቀ የጭቃ ማሳ ተሰነጣጥቆ ሲረገጥ የሚነቃነቅ ከሆነ ያለቀለት ነው። እነዚህ ገደቦች መነሻ ናቸው፤ ከከተማችሁ ጋር አስማሟቸው። ዋናው ነገር ሁሉም ቁራጭ በአንድ መለኪያ መለካቱ ነው።

ቆጠራው መቼ ይሁን? ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት፤ ክረምቱ ያደረሰው ጉዳት ትኩስ ሆኖ የሚታየው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ እየዘነበ አንድ ዙር መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ዙር ብዙዎች ይዘሉታል። ሆኖም ውኃ የት እንደሚተኛ፣ የቱ ቱቦ እንደሚመልስ፣ የቱ ግቢ ፍሳሹን ወደ መንገድ እንደሚለቅ በፀሐይ አይታይም። የዝናብ ልብስ ለብሶ የተሳለ አንድ ንድፍ ከብዙ የቢሮ ስብሰባ ይልቅ ችግሩን ያሳያል። በአስፋልት የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ውኃውን እንዳያልፍ ገድቦ ከላዩ በኩል ያለውን ንጣፍ ሲያረጥብ የምታዩትም በዚህ ዙር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጉብታው ከከርቡ (ከመንገዱ የዳር ድንጋይ) 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ማሳለፊያ ይተውለት።

ቅደም ተከተል

ነዋሪው ሁልጊዜ የሚጮኸው ስለ ያለቀለት መንገድ ነው፤ ጩኸቱም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የመደበኛ ጥገና ገንዘብ በቅድሚያ የሚሄደው ወደ ደህናውና ሊተርፍ ወደሚችለው መንገድ ነው። ያለቀለት መንገድ ዘንድሮ ባይነካ በሚቀጥለው ዓመት የሚያስወጣው ወጪ ብዙ አይለወጥም፤ የሚተርፈው መንገድ ግን አንድ ክረምት ከተረሳ ወደ ያለቀለት ይወርዳል። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መንገዶች ኤጀንሲ ግምት እንደሚለው ለሦስት ዓመት ጥገና የተነፈገ መንገድ የማስተካከያ ወጪው የጥገናውን 6 እጥፍ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ 18 እጥፍ ይሆናል። ይህን ቁጥር ለምክር ቤት ስታቀርቡ የራሳችሁን ከተማ ሁለት መንገዶች ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ በአንድ ዓመት የተነጠፉ፣ አንዱ ቦዩ የሚጠረግ፣ ሌላው የማይጠረግ። ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ጥንድ አይጠፋም።

በእያንዳንዱ ምድብ ውስጥ ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ መናኸሪያና ወደ ትምህርት ቤት የሚያደርሱት ይቅደሙ። ያለቀለት መንገድ ላይ የሚሠራው ቢያንስ ውኃውን ማስወገድና ተሽከርካሪ ማሳለፍ ነው፤ ከዚያ ያለፈው የካፒታል ጥያቄ ይሁን። ለነዋሪውም በግልጽ ይነገረው።

ከካሬ ሜትር ወደ ብር

ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እንደ ሬንጅ፣ ነዳጅና መለዋወጫ ያሉ ከውጭ የሚመጡ ነገሮች ዋጋ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ይለዋወጣል። ስለዚህ ዕቅዱ በመጀመሪያ በመጠን ይጻፍ፣ ዋጋው በመጨረሻ ይለጠፍበት። ዋጋ ሲለወጥ አንዱን ዓምድ ብቻ ትቀይራላችሁ፤ ክርክሩም በሥራው መጠን ላይ ሳይሆን በዋጋው ላይ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ከተማው 12 ኪሎ ሜትር አስፋልት በ7 ሜትር ስፋት፣ 38 ኪሎ ሜትር ኮብል በ6 ሜትር ስፋት፣ 70 ኪሎ ሜትር ጠጠር በ6 ሜትር ስፋት እና በድምሩ 60 ኪሎ ሜትር ቦይ አለው እንበል።

ኮብሉ 228,000 ካሬ ሜትር ነው። ቆጠራው ከዚህ ውስጥ 1.5 በመቶው ተነሥቶ እንደገና መነጠፍ አለበት ካለ 3,420 ካሬ ሜትር ይሆናል። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ከ1 ሴንቲ ሜትር መገጣጠሚያ ጋር በካሬ ሜትር 83 ያህል ይገባል። ሲነሣ ከ10 እስከ 15 በመቶው ይሰበራል ወይም ይጠፋል፤ በ15 በመቶ ብናስብ 42,600 ገደማ አዲስ ድንጋይ ይገዛል። 5 ሴንቲ ሜትር የአሸዋ ምንጣፍ 171 ሜትር ኩብ ነው፤ ለመገጣጠሚያውና ለብክነቱ 25 በመቶ ሲጨመር 214 ሜትር ኩብ ይሆናል። አንድ አንጣፊ፣ አንድ አቀባይና ሁለት ረዳት ያለው ቡድን በቀን 12 ካሬ ሜትር አንሥቶ ይመልሳል ብላችሁ ጀምሩ፤ ይህ 285 የቡድን ቀን ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በዓላት፣ እሑዶችና የዕቃ መቆራረጥ ሲቀነሱ 150 ያህል የሥራ ቀን ይቀራል። ሁለት ቡድን ያስፈልጋል ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት ሥራ በኋላ 12 የሚለውን ቁጥር በራሳችሁ ልክ ተኩት፤ መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ወይም ድንጋዩ ያልተስተካከለ ከሆነ ይወርዳል።

አስፋልቱ 84,000 ካሬ ሜትር ነው። ግማሽ በመቶው ጉድጓድ ቢሆን 420 ካሬ ሜትር፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 21 ሜትር ኩብ ይመጣል። የተጠቀጠቀ አስፋልት በሜትር ኩብ 2.4 ቶን ገደማ ስለሚመዝን 50 ቶን፣ ከብክነት ጋር 55 ቶን ትጠይቃላችሁ።

ጠጠሩ በዓመት ሁለት ጊዜ በግሬደር ይስተካከል፤ 140 ኪሎ ሜትር ነው፣ በቀን 4 ኪሎ ሜትር ቢሠራ 35 የግሬደር ቀን። ይህ ቀላሉ ነው። የሚረሳው የጠጠሩ መመናመን ነው። በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢበን ወይም ቢታጠብ ከ6 ሜትር መንገድ በኪሎ ሜትር 120 ሜትር ኩብ ይጠፋል፤ ለ70 ኪሎ ሜትር 8,400 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ይህን በመደበኛ በጀት መተካት አይቻልም፤ ግን በየዓመቱ ስንት እንደሚጎድል በዕቅዱ ላይ ካልተጻፈ ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ግሬደሩ የሚቧጥጠው አፈር ብቻ ይሆናል። ኮብል ወይም አስፋልት ለማልበስ የሚቀርበው ጥያቄም ከዚህ ቁጥር ይነሣ።

ቦዩ ከሁሉም በላይ ሊሰላ የሚገባው ነው። 60,000 ሜትር ቦይ፣ አንድ ሰው በቀን 25 ሜትር ቢጠርግ 2,400 የሰው ቀን ይፈልጋል። በግንቦት ወር 25 የሥራ ቀን ውስጥ ለመጨረስ 96 ሰው በየቀኑ መገኘት አለበት። 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቦይ ውስጥ በአማካይ 10 ሴንቲ ሜትር ደለል ቢኖር የሚወጣው 3,000 ሜትር ኩብ ነው፤ ሲቆፈር ስለሚነፋ ከዚያም ይበልጣል። 12 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ ቢያንስ 250 ምልልስ ነው። የጥረጋውን ጉልበት ይዞ የማጓጓዣውን ነዳጅ የረሳ በጀት ውጤቱ የታወቀ ነው፦ ደለሉ ወጥቶ በቦዩ ጠርዝ ላይ ይከመራል፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በአንድ ሌሊት መልሶ ይሞላዋል፣ የ2,400 የሰው ቀን ድካምም አብሮ ይገባል።

በድምሩ ላይ 10 በመቶ ለድንገተኛ ጉዳት ጨምሩ። የአንድ ካሬ ሜትር ወይም የአንድ ሜትር ዋጋ ስታወጡ ዕቃን፣ ማጓጓዣን፣ ጉልበትን፣ የመሣሪያ ኪራይን ወይም ነዳጅንና መለዋወጫን ለየብቻ አስቀምጡ። የማዘጋጃ ቤቱ ግሬደር «በነፃ» አይሠራም፤ የጎማው፣ የምላጩና የናፍጣው ዋጋ በዕቅዱ ካልገባ በጥቅምት ጎማ ሲጠብቅ ታገኙታላችሁ።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል

ለመደበኛ ጥገና በየዓመቱ የሚደጋገም ገቢ ያስፈልገዋል። የሊዝ ገቢ አንድ ዓመት ይጎርፋል፣ በሚቀጥለው ይደርቃል፤ ስለዚህ በሊዝ ላይ የቆመ የጥገና በጀት ጨረታ በቀነሰበት ዓመት ይወድቃል። ሊዙ ለአዲስ ግንባታና ለመልሶ ግንባታ ይሁን። ለቦይ ጥረጋና ለኮብል ጥገና ግን የቦታ ኪራይ፣ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የገበያና የመናኸሪያ ክፍያ፣ የአገልግሎት ክፍያዎች ይመረጣሉ። ከእነዚህ የማዘጋጃ ቤታዊ ገቢዎች የተወሰነ መቶኛ ለመንገድ ጥገና ብቻ እንዲውል ምክር ቤቱ በውሳኔ ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው። ውሳኔው ካልተጻፈ ገንዘቡ በዓመቱ አጋማሽ ለደመወዝ ወይም ለበዓል ዝግጅት ሲዛወር የሚከለክለው የለም።

ሁለተኛው ምንጭ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ነው። ዋና ገቢው በነዳጅ ላይ የሚጣል ክፍያ ሲሆን የሚውለው ለመንገድ ጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንጂ ለአዲስ ግንባታ አይደለም። ድርሻ የሚያገኙ ከተሞች ዓመታዊ የሥራ ፕሮግራም ያቀርባሉ፤ ከዚያም በሠሩት ልክ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ይልካሉ። ገንዘቡ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ ስለሚዘገይ ወይም በፕሮግራሙ ላይ ያለው የመንገድ ስም በሪፖርቱ ላይ ካለው ስለማይገጥም ነው። የመንገዶቹ መለያ ቁጥር ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፦ በፕሮግራሙ፣ በውሉ፣ በክፍያ ሰርተፍኬቱና በሪፖርቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፍ።

ሦስተኛው ጉልበት ነው። በ2009 በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎችን በአካባቢ ልማት ሥራ ያሰማራል፤ ፕሮግራሙ ባለበት ከተማ የቦይ ጥረጋው ከነርሱ የሥራ ዕቅድ ጋር ይያያዝ። ይህ ሲሆን ማዘጋጃ ቤቱ የሚያቀርበው አካፋ፣ ዶማ፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ የእጅ ጋሪና ገልባጭ መኪና ነው። እነዚህ በሚያዝያ ካልተገዙ ሰዉ ግንቦት ላይ ባዶ እጁን ይቆማል። የነዋሪ መዋጮም አለ፤ ኮብሉ ሲነጠፍ ብዙ ሰፈር አዋጥቷል። ለጥገና እንደገና ገንዘብ መጠየቅ ከባድ ነው፤ በደጃፍ ያለን ቦይ በየሳምንቱ መጥረግ ግን ነዋሪው በፈቃዱ የሚቀበለው ነገር ነው፤ ደለሉን የሚያነሣ መኪና በተባለው ቀን ከመጣ።

የዓመቱ ሰሌዳ

የሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ የሚጀምረው በያዝነው ዓመት ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ በዝናብ የመዞሪያ ጊዜ ነው፤ ከዚያው ጋር የዘንድሮው ጨረታ ይወጣል። መስከረም ውል ይፈረማል፣ ቆጠራውም ይጀመራል። ጥቅምት የመስክ ሥራ ይጀመራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ቆጠራው ወደ መጠን ይቀየራል፣ ጥር ዋጋው ይለጠፋል፣ የካቲት የበጀት ጥያቄው ተጠናቆ በእጅ ይኑር። የበጀት ጥሪው ሲመጣ የሚጻፍ ዕቅድ ካለፈው ዓመት ላይ 10 በመቶ የጨመረ ቅጂ ከመሆን አያልፍም።

የገንዘብ ፍሰቱንም በሩብ ዓመት ከፋፍሉት። ለሐምሌ–መስከረም 10 በመቶ፣ ለጥቅምት–ታኅሣሥ 30፣ ለጥር–መጋቢት 35፣ ለሚያዝያ–ሰኔ 25 ቢሆን ያስኬዳል። የመጨረሻው 25 በመቶ የቦይ ጥረጋው ገንዘብ ነው፤ በመጋቢት ላይ አስፋልት ቢያምርም አይነካ። ሰኔ 30 ሒሳብ ስለሚዘጋና ወሩ ሲገባደድ ክፍያ ስለሚጠብ የግንቦት ሥራ ልኬት በየሳምንቱ ተይዞ ክፍያው በሰኔ መጀመሪያ ይለቀቅ።

ጨረታውን በተመለከተ ለየጉድጓዱ ጨረታ ማውጣት አይቻልም። የሚሻለው በዓመት አንድ ጊዜ በነጠላ ዋጋ የሚፈረም ማዕቀፍ ውል ነው፦ በካሬ ሜትር ኮብል፣ በቶን አስፋልት፣ በሜትር ቦይ። ከዚያ በሥራ ትእዛዝ እየተቆራረሰ ይሰጣል። የኮብል ሥራውን ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ስትሰጡ በቀበሌ ከፋፍሉት፤ በአንድ ሰፈር ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ማኅበር የሠራው ነገር ሲበላሽ ያው ሰፈር ውስጥ ይገኛል። በአነስተኛ ከተሞች ጥቅምትና ኅዳር አጨዳ ስለሆነ የቀን ሠራተኛ እንደሚሳሳ አስታውሱ፤ ጉልበት የሚበዛበትን ሥራ ከታኅሣሥ በኋላ አድርጉት።

በመስክ ላይ፦ ኮብል

የሰመጠ ኮብል የበሽታው ምልክት ነው፤ መንሥኤው ከሥሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈስ የውኃ ቧንቧ፣ በደንብ ያልተጠቀጠቀ የቀድሞ ቁፋሮ ወይም የተነቀለ የዳር ከርብ ይገኛል። ድንጋዩን ብቻ አንሥቶ አሸዋ ጨምሮ መመለስ ለአንድ ክረምት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ከሰመጠው ቦታ ዙሪያ ሁለት ሁለት ረድፍ ጤናማ ድንጋይ ጨምራችሁ አንሡ። ድንጋዩን አጽዱና ለይታችሁ ደርድሩ፤ ጠርዙ የተሸረፈው ለዳር ይሆናል። የድሮው አሸዋ ከጭቃ ጋር ከተቀላቀለ ይጣል። የታችኛው ንብርብር ረጥቦ ከላላ በሙሉ ይወጣና ከካባ በመጣ ሰሌክትድ (የተመረጠ ጠጠራማ መሙያ) በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየረጠበ በኮምፓክተር ይጠቅጠቅ። ሙከራው ቀላል ነው፦ የሰው ተረከዝ ምልክት ከተወ ገና ነው። ከዚያ የወንዝ አሸዋ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር በእኩል ይነጠፍ። ከዚህ የወፈረ አሸዋ ጉድለትን የሚሸፍን ይመስላል፤ ጎማ ሲያልፍበት ግን ወደ ጎን ይሸሻል። ሲባጎ ተወጥሮ ድንጋዩ ከሚፈለገው ከፍታ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በመዶሻ ይተከል፣ መገጣጠሚያው በደረቅ አሸዋ በመጥረጊያ ይሞላ፣ በኮምፓክተር ሁለት ጊዜ ይታለፍ፣ እንደገና አሸዋ ይበተን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ መገጣጠሚያውን ሙሉ፤ ይህን ያላደረገ ጥገና ድንጋዩ ይነቃነቅና አንድ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ይከተላሉ። በተዳፋት ላይ በየ15 ወይም 20 ሜትሩ መንገዱን የሚያቋርጥ የኮንክሪት መያዣ ቢኖር ንጣፉ ወደ ታች አይንሸራተትም።

አስፋልት

በክረምት ጉድጓድ ውስጥ አፈር ወይም ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) መድፋት ለሁለት ቀን ያሳልፋል፤ አፈሩ ውኃ ይዞ ዙሪያውን ያሰፋዋል። የግድ ከሆነ በክሬሸር ጠጠር ብቻ ይሞላ፣ በጥቅምት ሙሉ በሙሉ ይወጣ።

ለዘላቂው ጥገና ጉድጓዱን ጤናማው አስፋልት እስኪገኝ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ በመቁረጫ ቁረጡ፤ ጎኑ ቀጥ ብሎ ይውረድ። ክብ ሆኖ ጠርዙ የሳሳ ጥገና ከዳር ይላጣል። ሥሩ ጭቃ ከሆነ አውጥታችሁ በጠጠር ሙሉና ጠቅጥቁ። አቧራው በአየር ወይም በጥሩ መጥረጊያ ይወገድ፤ ግድግዳውና ወለሉ በቀጭኑ ሬንጅ ይቀባ፣ በካሬ ሜትር ከግማሽ ሊትር አይለፍ። ኩሬ የሠራ ሬንጅ ከጊዜ በኋላ ወደ ላይ ይተፋል። አስፋልቱ ሲፈስስ ከ120 ዲግሪ በታች መውረድ የለበትም፤ ጥልቀቱ ከ7 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በሁለት ንብርብር ይሁን። መጠቅጠቅ ከዳር ወደ መሐል ነው፤ ሲያልቅ ከዙሪያው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል፣ ጎማው ቀሪውን ይጨርሰዋል።

ትልቁ ብክነት የሚመጣው ከመኪናው ነው። 10 ቶን የጫነ ገልባጭ በ5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት 80 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። መኪናው ከማምረቻው ከመነሣቱ በፊት 80 ካሬ ሜትር ተቆርጦ፣ ተጠርጎና ደርቆ ይጠብቅ። መኪናው ቆሞ ጉድጓድ ሲቆረጥ የቀዘቀዘ አስፋልት ተጠቀጠቀም አልተጠቀጠቀም ሞቷል። ማምረቻው ከሁለት ሰዓት በላይ የሚርቅ ከሆነ በኢመልሽን (ከውኃ ጋር በተዋሐደ ሬንጅ) የሚዘጋጅ ቀዝቃዛ ድብልቅ ያዋጣል። ከ3 ሚሊ ሜትር የሰፉ ስንጥቆች በጥርና በየካቲት፣ ደረቅ ሳሉ ይደፈኑ፤ በጣም ርካሹ የአስፋልት ጥገና ይህ ነው።

ጠጠር

ግሬደር በደረቅ ወቅት ሲገባ ጠጠሩን ከአፈሩ ለይቶ አቧራ ያደርገዋል። መሬቱ እርጥበት ይዞ ሳለ፣ በመስከረም መጨረሻና በበልግ ዝናብ ማግስት ግቡ፤ ካልተቻለ የውኃ ቦቴና ሮለር አብረው ይሂዱ። መሐሉ ከዳሩ ከ4 እስከ 6 በመቶ ከፍ ይበል፤ በ6 ሜትር መንገድ ከመሐል እስከ ዳር ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር መውረድ ማለት ነው። ግሬደሩ በዳር ላይ የሚተወው የአፈር ክምር ውኃውን መንገዱ ላይ ስለሚያስቀር ሳይነሣ ቀኑ አይዘጋ።

ለቧንቧና ለኬብል የሚቆፈር መንገድ

ያለ ፈቃድና ያለ መያዣ ገንዘብ የሚደረግ ቁፋሮ ዓመታዊውን ጥገና ያፈርሳል። ውኃና ፍሳሽ፣ ቴሌና መብራት የዓመት ዕቅዳቸውን በነሐሴ እንዲልኩ ጠይቁ፤ ሊነጠፍ ከታሰበው መንገድ ጋር አነጻጽሩ። ለግለሰብ መስመር የመያዣው ቀመር ይህ ይሁን፦ የቁፋሮው ስፋት ሲደመር 50 ሴንቲ ሜትር፣ ሲባዛ በርዝመቱ፣ ሲባዛ በዓመቱ ነጠላ ዋጋ፣ ሲባዛ በ1.25። 6 ሜትር መንገድ በ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚያቋርጥ ሰው የ6.6 ካሬ ሜትር ዋጋ ከነጭማሪው ያስይዛል። ቆፋሪው ይዝጋው ወይስ ማዘጋጃ ቤቱ? በመያዣው ገንዘብ የማዘጋጃ ቤቱ ማኅበር ቢዘጋው ጥራቱ በአንድ እጅ ይሆናል። ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ከጠቅላላ ገቢ ጋር ከተቀላቀለ ጉድጓዱ ሳይዘጋ ያልቃል።

ልኬትና ክፍያ

ክፍያ የሚፈጸመው በመለያ ቁጥሩ፣ በተለካው መጠን፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ በተነሡ ሁለት ፎቶዎች ነው። ለኮብል ሦስተኛ ፎቶ ይጨመር፦ ድንጋዩ ተነሥቶ የታችኛው ንብርብር ሲጠቀጠቅ የሚያሳይ። ከተሸፈነ በኋላ የሚያየው የለምና ማጭበርበሩም ስንፍናውም የሚደበቀው እዚያ ነው። ከክፍያው 5 በመቶ እስከሚቀጥለው መስከረም በመያዣነት ይቆይና ክረምቱን ያለፈው ብቻ ይለቀቅ፤ የሰመጠው በተቋራጩ ወጪ ይስተካከል። ይህ አንቀጽ በጨረታ ሰነዱ ላይ ቀድሞ መጻፍ አለበት።

በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት መዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ ይሞላ፦ የተሠራው መጠንና የወጣው ብር፣ በየቁራጩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ብር በካሬ ሜትር እንደሚፈጅ፣ የቱ መንገድ በየዓመቱ እንደሚመለስ ይታያል። ሦስት ዓመት በተከታታይ በአንድ ቦታ የተጠገነ ቁራጭ ከጥገና ዝርዝር ወጥቶ ከፎቶዎቹና ከወጪው ጋር ወደ ካፒታል በጀት ጥያቄ ይተላለፍ።